ሲ ባስ የተባለው የባሕር ዓሣ ማጥመጃዬን ለምን አይነካውም?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ፣ ዶርሴት ውስጥ፣ ከዓለት ላይ ሆኜ በዓሣ መሰል ማጥመጃ ሲ ባስ ለመያዝ እሞክራለሁ። ቀኑን ሙሉ ብወረውርም አይነካልኝም። ምን ላስተካክል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሰዓትዎን ይቀይሩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ጥርት ባለ ውሃ መወርወር ትርፉ ድካም ነው፤ ባሕሩ እየሞላ ሳለ ጎሕ ሲቀድ ወይም ሲመሻሽ ይሂዱ። ሲ ባስ ማዕበሉ ከዓለቱ ጋር እየተላተመ ነጭ አረፋ የሚሠራበትን ቦታ ይወዳል፤ ትንንሽ ዓሦች እዚያ ስለሚንገላቱ በቀላሉ ይይዛቸዋል። ስለዚህ አርቆ ከመወርወር ይልቅ በአረፋው ጠርዝ በኩል ያሳልፉት፤ ብዙ ጊዜ ዓሣው ያለው እግርዎ ሥር ነው። 12 ሴንቲሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ የሚጠልቅ ማጥመጃ ይበቃል። ክሩን ቀስ ብለው ይጠቅልሉ፤ በየመሐሉ ለ2 ሰከንድ ያቁሙ። ብዙውን ጊዜ የሚነክሰው ያኔ ነው። ተንሳፋፊ ማጥመጃ ከሆነ ግን ውሃው ቦጭ ሲል ደንግጠው ዘንጉን አይሳቡ፤ ክብደቱ እጅዎ ላይ እስኪሰማ ይታገሱ። ከ42 ሴንቲሜትር ያነሰውን ወደ ባሕር መመለስ ግዴታ ነው።