ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ብቻ የሚከፈት ጥያቄ በምዝገባ ፎርም ላይ

ሰላም እህቴ። ሜክሲኮ አካባቢ ለምታዘጋጁት ስልጠና ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ሰው ብቻ የማደሪያ ጥያቄ እንዲወጣለት፣ የአዲስ አበባው ግን እንዳያየው ፈልገሽ ነው የጠየቅሽው። በጉግል ፎርም ያለ ክፍያ ይሠራል። እኔም ስታዲየም አካባቢ ለሚደረጉ ስልጠናዎች ምዝገባ ስለማዘጋጅ ሁልጊዜ የምሠራበትን ልንገርሽ።

ፎርሙን ከመክፈትሽ በፊት መንገዱን ወረቀት ላይ ሣይው፤ ማን በየት አልፎ የት እንደሚገናኝ ይታይሽ። ጉግል ፎርም አንዱን ጥያቄ በሌላው ሥር አይደብቅም፤ ሰውየውን ከሴክሽን (የራሱ ገጽ ካለው የፎርሙ ክፍል) ወደ ሴክሽን ነው የሚልከው። ስለዚህ «ከየት ነው የሚመጡት?» የሚለው የመጀመሪያው ሴክሽን መጨረሻ ላይ ይሁን፤ የማደሪያው ጉዳይ የራሱ ሴክሽን ይኑረው። ከዚያ ጥያቄው ግርጌ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተሽ «ጎ ቱ ሴክሽን ቤዝድ ኦን አንሰር» የሚለውን ምረጪ፤ ከየመልሱ ጎን መድረሻውን ትመርጫለሽ። ይህ ያለው አንድ መልስ ብቻ በሚመረጥባቸው በመልቲፕል ቾይስና በድሮፕዳውን (ተዘርጋፊ ዝርዝር) ብቻ ነው። «እኔ ጋ አይመጣም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄያቸውን ብዙ መልስ በሚያስመርጠው በቼክቦክስ የሠሩ ናቸው።

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው መውጫውን ነው። ካላዘዝሽው በቀር ፎርሙ አንዱን ሴክሽን የጨረሰውን ሰው ቀጥሎ ወዳለው ይወስደዋል። ለተሳታፊ፣ ለአሰልጣኝና ለዕቃ አሳዪ ለየብቻ ሴክሽን ብታዘጋጂ፣ አሰልጣኙ የራሱን ጨርሶ «ኔክስት» ሲል «ስንት ጠረጴዛ ይፈልጋሉ?» የሚል ይመጣበታል። ጥያቄው ግዴታ ከተደረገ ደግሞ ወይ የማይሆን ነገር ሞልቶ ያልፋል፣ ወይ ትቶት ይወጣል። የየሴክሽኑ መጨረሻ ላይ «አፍተር ሴክሽን» የሚል አለ፤ እዚያ ሁሉንም ወደ ጋራው መዝጊያ ሴክሽን ላኪያቸው። ሰውየው ያልገባበት ሴክሽን ውስጥ ያለ ግዴታ ጥያቄ አያግደውም፤ ስለዚህ «ስንት ሌሊት ያድራሉ?» የሚለውን ሳትፈሪ ግዴታ አድርጊው።

እዚያው ሴክሽን ውስጥ የሚደርሱበትን ሰዓት ከጠየቅሽ በነፃ አታጽፊያቸው። አንዱ ጠዋትን 3:00 ብሎ ሲጽፍ ሌላው 9:00 ይላል፣ መኪና የሚልከው ሰው ይደናገራል። «ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ» ብለሽ አስመርጪ።

ስምና ስልክ ሁሉም በሚያልፍበት ሴክሽን ውስጥ ይሁኑ። በየቅርንጫፉ፣ ማለትም ሰው እንደ መልሱ በሚላክበት በየሴክሽኑ፣ ከደጋገምሻቸው መልሶቹ በሚሰበሰቡበት ሠንጠረዥ (ጉግል ሺት) ላይ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዓምድ ይይዛሉ፤ በር ላይ ስም የምታመሳክረው ልጅ አንድ ስልክ ፍለጋ ሦስት ዓምድ ስታገላብጥ እንግዳው ቆሞ ይጠብቃል።

ምሳን በተመለከተ ቅርንጫፍ አያስፈልግሽም። «የጾም ወይስ የፍስክ?» የሚል አንድ ጥያቄ ለሁሉም ይበቃል፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም የማይጾም እንግዳ ይኖራልና ጠይቂ። ቅርንጫፍ በበዛ ቁጥር ፎርሙን ለማስተካከልም ይከብዳል።

ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ከመልቀቅሽ በፊት በስልክሽ ከፍተሽ እያንዳንዱን መንገድ እስከ መጨረሻው ሙዪው፤ አብዛኛው ሰው የሚሞላው በስልኩ ነው። የሙከራ መልሶቹን ፎርሙ ላይ ብታጠፊያቸውም ሺቱ ላይ ይቀራሉ፤ ከሁለቱም ቦታ አጥፊያቸው።