ዶልፊን ለማጥናት ሒሳብ ለምን?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ እወዳለሁ፤ እነርሱን የሚያጠና ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ። ሒሳብ ግን አይሆንልኝም። ሒሳብ የማይበዛበት የትምህርት መስመር ይኖር ይሆን? ባሕር አይቼ አለማወቄስ እንቅፋት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ባሕር አለማየትሽ እንቅፋት አይሆንብሽም። መዋኘቱም ጀልባውም ጊዜው ሲደርስ የሚለመድ ነው። ሒሳብን የሚያስቀር መንገድ ግን ልጠቁምሽ አልችልም፤ ብጠቁምሽ የምበድለው አንቺን ነው።

አጥቢ የባሕር እንስሳት አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት ከዓይናችን ተሰውረው ነው። ስፐርም የሚባለው ዓሣ ነባሪ ምግብ ፍለጋ ከ1,000 ሜትር በላይ ጠልቆ ለአንድ ሰዓት ያህል ሊቆይ ይችላል። ኩቪየር የተባለው ባለ ምንቃር ዝርያ ደግሞ እስከ 2,992 ሜትር መጥለቁ ተመዝግቧል። እንግዲህ ጀልባ ላይ ቆመሽ አምስት ብታዪ፣ ከሥር ስንት እንዳለፉሽ በምን ታውቂያለሽ? ተመራማሪዎች አስቀድመው ባሰመሩት መስመር እየተጓዙ ያዩትን እንስሳ ሁሉ ከነርቀቱ ይመዘግባሉ። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የመታየት ዕድሉ ምን ያህል እንደሚቀንስ ያሰላሉ፤ ጠልቆ የሚቆይበትንም ጊዜ ከስሌቱ ያስገባሉ። አንድ ዝርያ እየተመናመነ ነው ወይስ እያገገመ የሚለው የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ስሌቱ ከተሳሳተ የጥበቃ ውሳኔውም አብሮ ይሳሳታል።

የዕለት ሥራውንም ማወቅ አለብሽ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመራማሪው ማይክል ቢግና ባልደረቦቹ በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ እያንዳንዱ ኦርካ (ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚባለው) በጀርባ ክንፉ ቅርጽና ከክንፉ ኋላ ባለው ግራጫ ምልክት ተለይቶ እንደሚታወቅ አሳዩ። ሐምፕባክ የተባለው ዓሣ ነባሪ የሚለየው በጅራቱ የታችኛው ገጽ ላይ ባለው ጥቁርና ነጭ ንድፍ ነው። ተመራማሪዋ ከባሕር ስትመለስ እጅግ ብዙ ፎቶግራፍ ይዛ ነው፤ የደበዘዘውን ታስወግዳለች፣ የክንፉን ጫፍ አጉልታ ጭረቱንና ስንጥቁን ከቀድሞው መዝገብ ጋር ታመሳክራለች። ዛሬ ኮምፒውተር ተመሳሳዮቹን ፈልጎ ያቀርብላታል፤ ቢሆንም «ያችው ናት» ብሎ ማረጋገጥ ዓይን ይፈልጋል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ሳራሶታ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የዶልፊን ትውልዶችን መከታተል የተቻለው በእንዲህ ያለ ትዕግሥት ነው፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚውል ሳይቀር ይታወቃል። እኔ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ የሳይንስ ሥራ ጥቂት ነው። አንቺስ እንዲህ ያለው ውሎ ይማርክሻል? ጠረጴዛ ላይ የሚያልፉት ቀናት ባሕር ላይ ከሚያልፉት ይበልጣሉና በደንብ አስቢበት።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ስለ ዓሣ ነባሪ ብቻ የሚያስተምር ክፍል አትፈልጊ። ባዮሎጂ፣ ሥነ እንስሳ ወይም የዓሣና የውኃ ሀብት ሳይንስ ይበቃሻል፤ ስታቲስቲክስንና አር የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ግን አጥብቀሽ ያዢ። በዘርፉ የምትጠልቂው በሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ የራስሽን ምርምር ለመምራት ሦስተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ አማካሪሽን ምረጪ፤ ጽሑፎቹን አንብበሽ፣ የትኛው ሥራው ለምን እንደሳበሽ በአጭሩ ጻፊለት።

ሥራው በዩኒቨርሲቲ፣ በመንግሥት የዓሣ ሀብት ተቋማትና በባሕር ላይ ግንባታ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ በሚያጠኑ ድርጅቶች ይገኛል። ቦታው ጥቂት፣ ተወዳዳሪው ብዙ፣ ኮንትራቱም አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። በጎ ፈቃደኛ እናደርግሻለን ብለው ገንዘብ የሚጠይቁም አሉ፤ ምን ሙያ እንደምትቀስሚና የምትሰበስቢው መረጃ ለየትኛው ጥናት እንደሚውል ሳታጣሪ አትክፈይ። ስታቲስቲክስ የያዘ ሰው ግን ይህ በር ቢዘጋበት በጤና፣ በግብርናም ሆነ በሌላ መስክ ሥራ አያጣም።

ለጊዜው ከአካባቢሽ አንድ እንስሳ ምረጪ፤ ወፍም ድመትም ሊሆን ይችላል። በቀን ለአንድ ሰዓት በየአምስት ደቂቃው የሚያደርገውን ብቻ መዝግቢ፤ የሚያስበውን አትገምቺለት። የዶልፊን ተመራማሪዎችም በተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀማሉ። ወር ሲሞላ ቁጥሩን በሰንጠረዥ አስፍሪና የጠዋቱ ከከሰዓቱ ይለያል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ልዩነቱ እውነተኛ ይሁን የአጋጣሚ እንዴት እንደሚለይ ለማወቅ መዝገብሽን ይዘሽ ወደ ሒሳብ መምህርሽ ሂጂ።