መልስ፦ የሰው ሠራሽ ዳሌ አቀማመጥ ትክክለኛነት

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ያሉት እናትዎ ዳሌያቸው በሰው ሠራሽ ሊተካ መሆኑን ገልጸው፣ «ያለ ሮቦት አቀማመጡ ይሳሳታል» መባሉ እውነት እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት አባባሉ ተጋንኗል። በዳሌ አጥንቱ ውስጥ የሚገጠመው ጎድጓዳ ክፍል 40 ዲግሪ አጋድሎ፣ 15 ዲግሪ ደግሞ ወደ ፊት ዞሮ፣ በሁለቱም ከ10 ዲግሪ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ሳይል ቢቀመጥ መገጣጠሚያው የመውለቅ አደጋው ይቀንሳል የሚለው መለኪያ የአጥንት ቀዶ ሐኪሙ ሌዊኔክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት ነው፤ ሆኖም በዚህ ክልል ውስጥ ተቀምጠውም የወለቁ ብዙ ናቸው። ስንቀመጥ የዳሌ አጥንታችን ወደ ኋላ ይጋደላል፤ የወገብ አከርካሪያቸው በደረቀ ሰዎች ግን ይህ እንቅስቃሴ ስለሚያንስ፣ ተኝተው ሳሉ ትክክል የነበረው ማዕዘን ሲቀመጡ ላይበቃ ይችላል። ሮቦት ሐኪሙ ያቀደውን ማዕዘን በቅርበት ለማግኘት ይረዳል እንጂ የተሳሳተ ዕቅድ አያቃናም።

ስለዚህ እናትዎ ወገባቸው የማይታጠፍላቸው ከሆነ፣ ቆመውና ተቀምጠው የጎን ራጅ ማንሳት ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና የሚያፈሉና በቤተ ክርስቲያን የሚሰግዱ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩ፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ ከፍ ብሎ ማጎንበስ፣ በተለይ ቀዶ ጥገናው ከኋላ በኩል ከተሠራ፣ መገጣጠሚያውን ሊያወልቀው ይችላል።