ጆሮህ ጭው እያለ ሥራውን አትጀምር

ሰላም ወንድሜ። ሳውንድ ኢንጂነሪንግ አጭር ኮርስ ጨርሰህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቪላ ምድር ቤት ያለ ስቱዲዮ በረዳትነት ሊቀጥርህ ነው። ሦስት ቀን ሞክረህ ማታ ማታ ጆሮህ ጭው ይላል፣ አንዴ ደግሞ ማይክ ነዝሮሃል። “ይሄን ባነሳ ሳይጀምር ያማርራል ይሉኛል” ብለህ ፈርተሃል። እኔ ግን አንሳው እልሃለሁ።

ከጆሮህ ልጀምር፣ እንጀራህ እሱ ነዋ። የውስጠኛው ጆሮ ድምፅ ተቀባይ ህዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ የሚመክረው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፣ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ስልክህ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫን፣ ልኩ ግምት ቢሆንም ይጠቅምሃል። ሚክስ ስታደርግ አጠገብህ ካለው ሰው ጋር ሳትጮህ መነጋገር ካልቻልክ የሞኒተሩ (የማዳመጫ ስፒከሩ) ድምፅ በዝቷል። ዘፋኙ “ከፍ አርገው” ሲል አንድ ጊዜ አሰማውና መልሰህ ዝቅ አርገው። ሄድፎን ለብሰህ ማይክ አትንቀል፣ አትስካም፤ ድንገት የሚፈነዳው ድምፅ ቀጥታ ጆሮህ ውስጥ ነው የሚገባው።

የነዘረህ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አስፈርቶኛል። ኤክስቴንሽኑን ከግድግዳው ንቀለውና ቀዳዳዎቹን እያቸው። ከሁለቱ ቀዳዳዎች ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ጥፍሮች መኖር አለባቸው፣ ኧርዙ፣ ማለትም ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው መስመር፣ በእነሱ ነው የሚሄደው። ስፒከሩ “ህምምም” ሲል እሱን ለማጥፋት ብለው ጥፍሮቹን በፕላስተር የሚሸፍኑ ሰዎች አሉ። ድምፁ ይጠፋል፣ አደጋው ግን አፉን ማይክ ላይ አስጠግቶ ጊታር የያዘው ልጅ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሌስ ሃርቪ የተባለ ስኮትላንዳዊ ጊታሪስት ዌልስ ውስጥ መድረክ ላይ የሞተው ኧርዝ ያልተደረገ ማይክ ነክቶ ነው። ለባለቤቱ እንዲህ በለው፦ “ማይኩ ነዝሮኛል፣ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው ዘፋኝ ባናስጠጋበት ጥሩ ነው።” ስለ ደንበኛው ስታወራ ቶሎ ይሰማሃል፣ አማራሪም አትባልም።

ምድር ቤት ነው ስላልከኝ ሁለት ነገር ልጨምር። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ የት ነው የሚነሳው? ኮሪደር ላይ ወይም መስኮት ሥር ከሆነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፣ ራስህን ሲያምህና እንቅልፍ እንቅልፍ ሲልህ የድካም ይመስልሃል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ተራ የፍራሽ ስፖንጅ ከሆነም አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ አንድ የምሽት ክበብ ሲቃጠል 100 ሰው ያለቀው መድረክ ላይ የተለኮሰ ርችት ግድግዳው ላይ የነበረውን ስፖንጅ ስላቀጣጠለው ነው። የእሳት ማጥፊያው የት እንዳለ ጠይቅ፣ በሩም ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈቱን ራስህ ሞክረው።

ስለ ሰዓቱም በግልጽ ተነጋገር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው የሚለው፣ የመከላከያ ዕቃ ማቅረብም የአሠሪው ግዴታ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቀረጻ ካለ ክፍያው ውሉ ላይ ይጻፍልህ።

ሰኞ ከመግባትህ በፊት የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሂድና የመስማት ምርመራ አሠራ፣ ጭው የሚለውንም ንገረው። ውጤቱን ፎቶ አንስተህ አስቀምጠው፤ የዛሬ ዓመት ስትመረመር ከአዲሱ ጋር ታስተያየዋለህ።