የአለቃን ጉዞ ካላንደር ላይ ማስገባት፦ ለቅጥር የተሰጠሽን የቤት ሥራ ከየት ትጀምሪ?

እህታችን፣ ለዲዛይነርነት ያመለከትሽበት ድርጅት፣ ኤግዚክዩቲቭ አሲስታንቶች (የአለቃ ረዳቶች) ለአለቆቻቸው የሚይዙት የሥራ ጉዞ በቀጥታ ካላንደር ላይ የሚገባበትን አሠራር ዲዛይን እንድታደርጊ የቤት ሥራ ሰጥቶሽ፣ «ከየትኛው ስክሪን ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሽናል።

ከስክሪን አትጀምሪ። መጀመሪያ ማን በማን ካላንደር ላይ እንደሚጽፍ ወስኚ። ትኬት የምትቆርጠው ረዳቷ ናት፣ የሚበረው አለቃዋ ነው፤ አንዲት ረዳት ደግሞ ሁለት ሦስት አለቃ ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ ተጓዡ ሲመረጥ ካላንደሩም አብሮ ይመረጥ። ይህ ከተረሳ በረራው ረዳቷ ካላንደር ላይ ይገባና አለቃው በዚያው ሰዓት ስብሰባ ይያዝበታል። ጉግል ካላንደርም አውትሉክም ካላንደርን ለሌላ ሰው የማጋራት ፈቃድ አላቸው፤ የረዳቷ ፈቃድ ለማየት ብቻ ከሆነ ሲስተሙ ምን እንደሚላት ጽፈሽ አሳዪ።

ቀጥሎ ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ 10:00 ተነስቶ ዱባይ በዱባይ ሰዓት 15:00 የሚደርስ በረራ ካላንደሩ ላይ መያዝ ያለበት የአራት ሰዓት ርዝመት ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለችና። የመነሻውና የመድረሻው የሰዓት ቀጠና ለየብቻ ይመዝገብ፤ በከተማ ስም እንጂ «ፕላስ 3» በሚል ቁጥር አይሁን። የለንደን ሰዓት በማርች እና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይቀየራል፣ ቁጥሩ ግን ይህን አያውቅም። ተጠቃሚዎቹ እዚህ አገር ከሆኑ ደግሞ «ጠዋት 4 ሰዓት» እና 10:00 ጎን ለጎን ይታዩ፤ አለቃው በስልክ የሚናገረው የመጀመሪያውን ነው።

ብዙ ጊዜሽን ግን ለለውጥ ስጪው፤ ጥሩ ሥራ ከደካማው የሚለየው እዚህ ነው። ካላንደሮች ቀጠሮ በሚለዋወጡበት በአይካላንደር መስፈርት እያንዳንዱ ቀጠሮ ዩአይዲ የሚባል መለያ አለው። በረራው ሲዘዋወር ያው ዩአይዲ ይቆይ፣ ቀጠሮው ስንተኛ ጊዜ እንደተቀየረ የሚያሳየው ሲኩዌንስ የሚባለው ቁጥር ብቻ ይጨምር፤ አዲስ ዩአይዲ ከተሰጠ የድሮውም የአዲሱም በረራ ካላንደሩ ላይ ይቀመጣሉ። ፒኤንአሩንም (አየር መንገዱ ለተያዘው ጉዞ የሚሰጠውን ኮድ) ብቻውን መለያ አታድርጊው፤ መሄጃውም መመለሻውም በአንድ ፒኤንአር ሊሆን ስለሚችል አንዱ ሌላውን ይደመስሳል። ረዳቷ በእጇ የጨመረችው የሾፌር ስልክም በለውጡ እንዳይጠፋ የራሱ ቦታ ይኑረው።

ሆቴሉ ሙሉ ቀን የሚይዝ ቀጠሮ ሆኖ «ነፃ» ተብሎ ይግባ፤ አለዚያ አለቃው ሦስት ቀን ሙሉ ስብሰባ የማይያዝለት ይመስላል። ፒኤንአር በርዕሱ ላይ አይጻፍ። የአለቃን ካላንደር ብዙ ሰው ያያል፤ ፒኤንአርና የመጨረሻ ስም ያለው ሰው በብዙ አየር መንገዶች ድረ ገጽ ገብቶ ጉዞውን ሊከፍተው ይችላል።

ለማቅረቢያ ሃያ ስክሪን አያስፈልግሽም፤ አዲስ ጉዞ መያዝን፣ የሰዓት ለውጥንና ስረዛን በቅጡ ካሳየሽ ይበቃል። ከማስረከብሽ በፊት የዚያን የዱባይ በረራ የናሙና አይካላንደር ፋይል ሠርተሽ በጉግል ካላንደርና በአውትሉክ ክፈቺው፤ ከዚያ የስልክሽን የሰዓት ቀጠና ወደ ዱባይ ቀይረሽ መነሻው 11:00፣ መድረሻው 15:00 ሆኖ መታየቱን አረጋግጪ።