ሁለት ፎልደር ነበረን

የድሬ ልጆች፣ በመጀመሪያ አንቱ እያላችሁ አታስረጁኝ፣ ድሬ ውስጥ አንተ ነው አቦ። ሰሞኑን ከዚራ ዛፍ ስር ሻይ ይዘን «የሀገር ገጽታ ግንባታ ላይ መስራት እንፈልጋለን፣ ምን ትመክረናለህ» ስትሉኝ ሙቀቱም አላስቻለኝ፣ መልሱም ቶሎ አልመጣልኝም፣ ይኸው ቤት ገብቼ ጻፍኩት።

1976 ላይ ገና ጎረምሳ ሆኜ ውጭ ሀገር ባለ ኤምባሲያችን ፕሬስ ክፍል ተመደብኩ። ስራዬ ምን መሰላችሁ፣ ጠዋት ጠዋት ስለኢትዮጵያ የተጻፈውን ከጋዜጣ በምላጭ ቆርጦ ነጭ ወረቀት ላይ በሙጫ መለጠፍ። ፎልደሩ ሁለት ነው፣ ጥሩው በቫሊዝ (በዲፕሎማቲክ ፖስታ ቦርሳ) አዲስ አበባ ይሄዳል፣ መጥፎው የአለቃዬ መሳቢያ ገብቶ ይቆለፋል። የአብዮቱ 10ኛ አመት ሲደርስ መሳቢያው ሞልቶ አልዘጋ ብሎኝ በጉልበቴ ገፍቼ ነው የቆለፍኩት፣ የሚላከው ፎልደር ግን ስስ ነበር። ከዛ ጥቅምት 13 1977 ቢቢሲ፣ ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሀመድ አሚን ከኮረም ያመጡትን የረሀብ ፊልም ለቀቀው፣ በቃ። ያን ሳምንት ስልኩ አላረፈም፣ እኔም ለደወለው ሁሉ የተሰጠኝን ወረቀት አነብ ነበር፣ እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

የሚያናድደው ደግሞ የመጀመሪያችን አልነበረም። የንጉሡ መንግስት ስማችን ይጠፋል ብሎ የወሎን ረሀብ ሸሸገ፣ በ1966 ጥቅምት የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ስለዚሁ ረሀብ እንግሊዝ ሀገር ታየ፣ ደርግ ደግሞ ያንኑ ፊልም ከቤተመንግስት ድግስ ጋር ቀላቅሎ ንጉሡ ሊወርዱ ዋዜማ በቲቪ አሳየው። ይሄን ያደረገው ያው ደርግ 10 አመት ቆይቶ እራሱ ደገመው፣ እንዴት እንደሆነ አሁንም አይገባኝም።

እናንተ ገጽታ ግንባታ የምትሉት፣ ማለትም የሌላ ሀገር ህዝብ ስለሀገርህ ጥሩ እንዲያስብ መስራት፣ ፐብሊክ ዲፕሎማሲ ከሚባለው ነው፣ ስሙን ዛሬ በምናውቀው ትርጉም ያስለመደው አሜሪካዊው ዲፕሎማት ኤድመንድ ጉልዮን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ስራው ግን ከስሙ በፊት ነበር፣ እኛም ጋ። በ1916 ሊግ ኦፍ ኔሽንስ (ከተባበሩት መንግስታት በፊት የነበረው የመንግስታት ማህበር) ልንገባ ስንል የባርነት ነገር ያዘን፣ ራስ ተፈሪ እናስቀራለን አሉ፣ ገባን፣ አዋጅም ወጣ፣ ስራው ግን ሲጓተት 12 አመት አለፈና ጣልያን ለወረራው ሰበብ ሲፈልግ ያንኑ ጉዳይ ከነፎቶው ጄኔቭ ይዞ መጣ። አሜሪካስ ብትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ሊትል ሮክ ላይ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ሲከለከሉ ሞስኮ አሜሪካን ለማሳጣት ምን ፈጠራ አስፈለጋት፣ የሆነውን ማውራት በቂዋ ነበር።

ስለዚህ ቲክቶክ ላይ የድሮን ቪዲዮ ከመልቀቃችሁ በፊት (ቆንጆ ነው፣ አልተቃወምኩም) መጥፎውን ፎልደር አንብቡ፣ እውነት የሆነውን ለዩ፣ አለቃችሁ ፊቱን ቢያጠቁርም ከጥሩው ጋር አንድ ላይ ላኩት። እኔ አልደፈርኩም።

ባለፈው ሀረር ጀጎል በር ላይ አንዲት ፈረንጅ አንዱን ወጣት አስጎብኚ ስለሀረማያ ሀይቅ ጠየቀችው። ሌላው ቢሆን ወደ ጅቡ ወሬ ያዞራት ነበር፣ እሱ ግን ሀይቁ እንዴት እንደደረቀ፣ ውሀው ለመስኖ እንዴት እንደተሳበ፣ ደለል እንዴት እንደሞላው፣ ኋላም ውሀው መመለስ እንደጀመረ አንድ በአንድ ነገራት። እሷም ማስታወሻዋን አውጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ «ቀጥል» አለችው።