ደመወዙ ጨመረ ይባላል፣ ኪሴ ግን አልሰማም

በዚህ ሳምንት የመጡት ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚያርፉት፤ ቤት ላይ። ብሪታንያ ውስጥ ሰው የሚበላለጠው በደመወዝ ነው የሚል ካለ አልጣላውም። እኔ ግን ቤት ያለውና ቤት የሌለው ብዬ ነው የምከፍለው። የጠያቂዎችን ስም አላወጣሁም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እህቴ ለንደን ነው የምትኖረው። ሥራ አላት፤ ለእናታችንም በየወሩ ትልካለች። ባለፈው ስንደዋወል ከፉድ ባንክ ምግብ እንደምትወስድ አመለጣት። እዚያ አገር የሚራብ አለ እንዴ?» (ከአዲስ አበባ)

አለ። እህትሽ አልቀለደችም። ፉድ ባንክ ማለት ለተቸገረ ሰው ምግብ በነጻ የሚታደልበት ቦታ ነው። ትረስል የሚባለው ትልቁ የፉድ ባንኮች መረብ ብቻውን እስከ ማርች 2025 ባለው አንድ ዓመት ወደ 2.9 ሚሊዮን የምግብ ጥቅል አድሏል። ሌሎች ቤተ ክርስቲያኖች፣ መስጊዶችና የሰፈር ማኅበራት የሚሰጡት እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ብዙውን ጊዜ ዝም ብለው ሄደው አይወስዱም። ከጂፒ (ከሰፈር ሐኪም)፣ ከልጆች ትምህርት ቤት ወይም ከምክር ቢሮ ቫውቸር ይጻፋል። ቦታው አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። የሚሰጠው ለሦስት ቀን ተብሎ የታሰበ ጥቅል ነው፤ ፓስታ፣ ሩዝ፣ የታሸገ ባቄላ፣ የታሸገ ዓሣ፣ የካርቶን ወተት። በርበሬ የለበትም፤ እሱን ከቤት ነው የሚጨምሩት።

ሥራ ያለው ሰው ለምን እዚያ ይደርሳል? ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባል ድጎማ ይሰጣል። መጀመሪያ ሲያመለክቱ ግን 5 ሳምንት መጠበቅ አለ። «ቅድሚያ ውሰጂ» ይላሉ፤ እሱም ብድር ነው፣ በየወሩ ይቆረጣል። ከግለሰብ ለተከራየ ሰው ደግሞ ለኪራይ የሚታሰበው ጣሪያ በ2024 ከፍ ካለ ወዲህ ባለበት ቆሟል። ኪራዩ አልቆመም። ልዩነቱ የሚሞላው ከምግቡ ተቀንሶ ነው።

ይህ ሳያንስ ከ2017 ጀምሮ ከሁለት ልጅ በላይ ለሚወለድ ድጎማ የለም የሚል ሕግ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ በኖቬምበር 2025 በጀት ነው ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ እንዲቀር ያሳወቁት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሦስተኛ ልጅ ሆኖ መወለድ እንደ ጥፋት ሲቆጠር ኖረ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለሁለት ሦስት ወር እንዳትልክ አንቺው ቀድመሽ ንገሪያት። እሷ አፍ አውጥታ አትነግርሽም።

«ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ቢሮ ነው የማጸዳው። ሚኒመም ዌጅ ጨመረ ተባለ፣ ሺፍትም ጨመርኩ። ወሩ ሲደርስ ግን ያው ነው። ማን ነው የሚሰርቀኝ?» (ከደቡብ ለንደን)

ሌባ የለም፣ እህቴ። ቀመር ነው። አንዷን ሰዓትሽን ይዘን እንቁጠር።

ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.71 ፓውንድ ነው። በ1999 ሲጀመር 3.60 ነበር፤ እድገቱን መካድ አይቻልም። አንቺ ግብር የምትከፍዪ ከሆነ ከዚያች ሰዓት 20 በመቶ ለግብር፣ 8 በመቶ ለናሽናል ኢንሹራንስ (ለጡረታና ለመሳሰለው ለሚቆረጠው መዋጮ) ይሄዳል። 9.15 ፓውንድ ቀረሽ። ልጆች ስላሉሽ ከገቢሽ የመጀመሪያው ክፍል አይነካም። ከዚያ በላይ ባለው ላይ ግን ለእያንዳንዱ ፓውንድ ዩኒቨርሳል ክሬዲትሽ በ55 ፔንስ ይቀንሳል። በመጨረሻ እጅሽ ላይ የሚቀረው 4.12 ፓውንድ ገደማ ነው። የአውቶቡሱን ራስሽ ቀንሺ።

የባንክ ኃላፊ በዓመት መቶ ሺዎች እያገኘ ከተጨማሪ ፓውንዱ 47 ፔንስ ሲቆረጥበት «ግብር ገደለን» ይላል። አንቺ ላይ የሚቆረጠው 68 ፔንስ ገደማ ነው። ይህን ጋዜጣ ላይ በትልቁ ሲጽፉት አላየሁም። በዚያ ላይ ከግብር ነጻ የሆነው 12,570 ፓውንድ ከ2021 ጀምሮ ፈቀቅ አላለም። እስከ 2031ም እንዲሁ እንዲቆይ ተወስኗል። ደመወዝሽ ከፍ ባለ ቁጥር ተጨማሪው ግብር ውስጥ ይገባል።

ሁለት ነገር አድርጊ። ለጡረታ የምታዋጪው ገንዘብ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ሲሰላ ከገቢሽ ላይ ስለሚቀነስ «አያስፈልገኝም» ብለሽ ከጡረታው እንዳትወጪ። ለሕፃናት ማቆያ የምትከፍዪ ከሆነ ደግሞ በተቀመጠው ጣሪያ እስከ 85 በመቶ ይመለስልሻል። ደረሰኙን በጊዜ አስገቢ።

«እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነን። ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ዘንድ ለቤት ከተመዘገብን 11 ዓመት ሆነን። በየሳምንቱ ለወጡት ቤቶች ቢድ አደርጋለሁ፤ አመለክታለሁ። 80ኛ ነህ፣ 140ኛ ነህ ይለኛል። ተራችን መቼ ነው የሚደርሰው?» (ከምሥራቅ ለንደን)

«ተራ» የምትለውን ነገር መጀመሪያ ከሐሳብህ አውጣው። በየካውንስሉ ደንቡ ይለያያል፤ አብዛኛው ቦታ ግን ቀድሞ የተመዘገበ ሳይሆን የባሰበት ነው የሚቀድመው። ዛሬ ከእሳት አደጋ የወጣ ቤተሰብ 11 ዓመት የጠበቅከውን ይቀድምሃል። ትክክል ነው። ጥፋቱ ቤቱ ማነሱ ላይ ነው።

ለምን አነሰ? በ1980 የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የካውንስል ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት በቅናሽ እንዲገዙ ፈቀደ። ለገዛው ሰው ትልቅ ዕድል ነበር፤ ብዙ ደሀ ቤተሰብ በዚያ ተቀየረ። በእንግሊዝ ብቻ ወደ 2 ሚሊዮን ቤት ተሸጠ። ካውንስሎች ግን በሽያጩ ገንዘብ እንደ ልብ ምትክ እንዳይሠሩ ታሰሩ። ልጆቹ ወረሱት፣ ሸጡት፤ የገዛው ነጋዴ ለኪራይ አወጣው። ዛሬ አንዳንድ ካውንስል ራሱ የሸጠውን ቤት ቤት ለሌላቸው ሰዎች በውድ መልሶ ይከራያል። ስኮትላንድ ሽያጩን በ2016፣ ዌልስ በ2019 አቆሙት። እንግሊዝ ቅናሹን በ2024 መጨረሻ ቀነሰችው እንጂ አላቆመችም። ከረፈደ ነው።

ውጤቱን ታውቀዋለህ። በ2025 እንግሊዝ ውስጥ ከ130 ሺህ በላይ ቤተሰብ ጊዜያዊ ማረፊያ ውስጥ ነበር። ልጆቹ ብቻ ከ170 ሺህ ይበልጣሉ። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ የቤት ሥራ አልጋ ላይ።

አሁን ወዳንተ። ፋይልህን አድስ፤ ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ ያሳወቅክ እንደሆነ አረጋግጥ። ያላሳወቁ ስንት ሰዎች አሉ! ልጁ አስም ካለበት የጂፒ ደብዳቤ አስገባ። አከራይህ «ውጣ» ቢልህ ደግሞ ተናደህ ቁልፍ አትወርውር። ራስህ ከወጣህ ካውንስሉ «በፈቃድህ ነው ቤት አልባ የሆንከው» ሊልህ ይችላል። ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ያለ ምክንያት ማስወጣት በሕግ ቀርቷል። የቤት አልባነት ማመልከቻህን ውድቅ ካደረጉት ይግባኝ ለማለት ያለህ 21 ቀን ነው። ደብዳቤውን ሳትከፍት አታስቀምጥ፤ ሼልተር ወይም ሲቲዝንስ አድቫይስ ወደሚባሉት የምክር ድርጅቶች ውሰደው።

«እዚሁ ነው የተወለድኩት። እናቴ ግሬንፌል ሲነሣ ታለቅሳለች። እሳት አደጋ ነው፣ የትም ይከሰታል። ከሀብታምና ከደሀ ጋር ምን አገናኘው?» (ከምዕራብ ለንደን)

እናትሽን ጠይቂያት። ምናልባት የምታውቀው ሰው ነበር። ግሬንፌል ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ጭምር፣ የሚኖሩበት ባለ 24 ፎቅ የካውንስል ሕንፃ ነበር። ያለበት ክፍለ ከተማ ኬንሲንግተንና ቼልሲ ነው፤ በአገሪቱ ካሉ ባለጸጋ ሰፈሮች አንዱ። ጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት ተቃጠለ። 72 ሰው ሞተ።

እሳቱ የጀመረው ከአንድ ፍሪጅ ነው። እስከዚህ አንቺ ትክክል ነሽ፤ የትም ይከሰታል። ሕንፃውን ያነደደው ግን ከውጭ የለበሰው ነው። ሕንፃው ሲታደስ መጀመሪያ የታሰበው የዚንክ ልባስ ነበር። በእሱ ፈንታ ውስጡ ፕላስቲክ የሆነ የአሉሚኒየም ልባስ ተመረጠ፤ ወደ 300 ሺህ ፓውንድ ገደማ ያድናል ተብሎ። ነዋሪዎቹ ከእሳቱ ወራት በፊት «አደጋ ላይ ነን» ብለው ጽፈዋል። ሰሚ አላገኙም።

በሰር ማርቲን ሙር ቢክ የተመራው ምርመራ የመጨረሻ ሪፖርቱን ሴፕቴምበር 2024 አወጣ። የሞቱት ሁሉ መትረፍ ይችሉ እንደነበር ሰር ማርቲን በግልጽ ተናገሩ። መንግሥቱንም፣ ካውንስሉንም፣ ዕቃውን የሸጡትንም ሪፖርቱ ወቅሷል። በዚያው ሰፈር ባለ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ቤት ያለው ሰው «ቤቴን ምን ልታለብሱት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሳይመለስለት ይቀራል? አይመስለኝም።

«ሃርትልፑል ነው ያለሁት፤ ብቻዬን። ካውንስል ታክሱ አናቴን አዞረኝ። ለንደን ቪላ ያለው ሰው ከእኔ ያነሰ ይከፍላል የሚባለው እውነት ነው?»

እውነት ሊሆን ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ካውንስል ታክስ የሚባለው የቤት ግብር የሚሰላው ቤቱ ኤፕሪል 1991 ላይ ያወጣ ነበር በተባለው ዋጋ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልታደሰም። ቤቶቹ በዋጋቸው በመደብ ይከፈላሉ፤ ከፍተኛው መደብ ደግሞ የመካከለኛውን እጥፍ ብቻ ነው የሚከፍለው፤ ቤቱ ሃያ እጥፍ ቢያወጣም። ዌስትሚኒስተር ብዙ ሌላ ገቢ ስላለው ታክሱ ዝቅተኛ ነው። ሃርትልፑል የለውም። ስለዚህ እናንተ ጋ ያለ መካከለኛ ቤት ዌስትሚኒስተር ካለ ትልቅ ቤት የበለጠ ይከፍላል። ላለው ይጨመርለታል ማለት ይሄ ነው። ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሚያወጡ ቤቶች ላይ ከ2028 ጀምሮ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል ተብሏል። ያንተን ሂሳብ ግን አይቀንሰውም።

ብቻዬን ነኝ ብለሃል። የ25 በመቶ ቅናሽ አለህ፤ ካልጠየቅክ ላይሰጡህ ይችላሉ። ዛሬውኑ የካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ግባ።

«የአክስቴ ልጅ ግላስጎው መድኃኒት በነጻ ይወስዳል። እኔ ማንቸስተር እከፍላለሁ። አንድ አገር አይደለንም?»

አንድ አገር፣ አራት ደንብ። ዌልስ፣ ሰሜን አየርላንድና ስኮትላንድ ክፍያውን አንስተዋል፤ እንግሊዝ አላነሳችም። መድኃኒት በየወሩ የምትወስድ ከሆነ የዓመት ቅድመ ክፍያ ካርድ ግዛ። ገቢህ ዝቅተኛ ከሆነ ኤችሲ 1 የሚባለውን ቅጽ ሙላ፤ ሙሉ በሙሉ ነጻ ልትሆን ትችላለህ።

«ልጄ ዩኒቨርሲቲ አልፏል። 'አባዬ ዕዳ ውስጥ ከምገባ ሥራ እጀምራለሁ' አለኝ። ምን ልበለው?» (ከሊድስ)

ይግባ ይበሉት፣ ጋሼ። እኛ ዕዳ ሲባል የምናውቀው አራጣ አበዳሪ በር ሲያንኳኳ ነው። ይሄ እንደዚያ አይደለም። ከ2023 ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ የጀመረ ተማሪ ተመርቆ በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ እስኪያገኝ ምንም አይከፍልም። ከዚያ በኋላ ከበላዩ ካለው 9 በመቶ ይቆረጣል። 30,000 ቢያገኝ በወር 37.50 ፓውንድ ነው። ሥራ ቢያጣ ይቆማል። ከ40 ዓመት በኋላ የቀረው ይሰረዛል።

ፍትሐዊ ነው አልልም። አባቱ ሀብታም የሆነ ልጅ በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ወለድ የሚባል ሳያውቅ ይወጣል። የደሀ ልጆች ያገኙት የነበረው የማይመለስ የኑሮ ድጋፍም በ2016 ወደ ብድር ተቀየረ። ግን ለዚህ ብሎ የእርስዎ ልጅ መቅረት የለበትም።

«ባለቤቴ በእኔ ስም ነው የመጣችው፤ ቪዛዋ ላይ 'የሕዝብ ድጎማ አይፈቀድም' ይላል። ልጃችን ትምህርት ቤት ነጻ ምሳ ቢበላ ሆም ኦፊስ (የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት) ይቆጥርብናል?» (ከበርሚንግሃም)

አይቆጥርም። የትምህርት ቤት ምሳ ከተከለከሉት ድጎማዎች ውስጥ የለም። እንግሊዝ ውስጥ እስከ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆች የወላጅ ገቢ ሳይጠየቅ ይበላሉ። ከዚያ በላይ ላሉትም ከ2023 ጀምሮ ቪዛቸው እንዲህ ለሚል ቤተሰቦች ጭምር ተፈቅዷል፤ የገቢ ገደብ አለው። ከቢሮው ቅጹን ጠይቅ። የተከለከሉት እንደ ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ ቻይልድ ቤኔፊትና የካውንስል ቤት ያሉት ናቸው። እነዚያን በእሷ ስም ከማመልከትህ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ አነጋግር። ቡና ላይ የሚሰጠውን ምክር አትመን፣ የእኔንም ጨምሮ።